የጁምዓ ማስታወሻ፦ ጎረቤታችሁ ሙታኑን ሲያስብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ሆላንድ የምትኖር አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልን። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሜይ 4 ማታ፣ በእነሱ ሰዓት 8 ሲሆን፣ አረጋውያኑ ምርኩዛቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ መነሣት ያቃታቸውም አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። እሷ ግን ሰዓቱ ሲቃረብ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። «ቢድዓ ይሆን፣ ከዚያም የከፋ ይሆን ብዬ ፈራሁ» ትላለች። በማግስቱ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት «ትናንት የት ነበርሽ?» ብለው ጠየቋት። «ፎጣ እየቆጠርኩ ነበር» ብላ ዋሸች። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ የትኛው ነው ወንጀሌ? መሸሼ ወይስ ውሸቴ?

የውሸቱ ነገር ግልጽ ነው፤ ተውበት አድርጊ እህቴ። ስለ መሸሹ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለምና።

ቀኑን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። ሆላንድ ከሜይ 1940 እስከ ሜይ 1945 በናዚ ጀርመን እጅ ነበረች። ከዚያች ትንሽ አገር ከ100,000 በላይ አይሁዳውያን በባቡር ተጭነው ተወስደው ተገደሉ። በመጨረሻው ክረምት ከተሞቹ ምግብ አጥተው ሰዉ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ በላ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በረሃብ ሞቱ። እንግዲህ ሜይ 4 ሙታኑን ያስባሉ፣ ሜይ 5 ነፃ የወጡበትን ቀን ያከብራሉ። ባንዲራ ዝቅ ብሎ ይውላል፣ ንጉሡ አምስተርዳም ዳም አደባባይ ላይ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ፣ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ትራሙ እንኳ ይቆማል።

ሜይ 5 በኛ ሚያዝያ 27 መሆኑን ልብ ብላችኋል? ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም አዲስ አበባ የገቡበት፣ የአርበኞች የድል ቀን ነው። ሁለት አገሮች በአንድ ቀን ከፋሺስት መላቀቃቸውን ያስባሉ። አጋጣሚ ነው፣ ግን እዚያ ለሚኖር የሐበሻ ልጅ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። አገር ቤት ያላችሁም ብትሆኑ ሚያዝያ 27ን «የእነሱ በዓል» የምትሉ ካላችሁ፣ በኦጋዴን ግንባር ጣሊያንን የተዋጉት ዑመር ሰመተር እነማንን ይመስሏችኋል?

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ሰህል ኢብኑ ሑነይፍና ቀይስ ኢብኑ ሰዕድ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ቃዲሲያ፣ ማለትም ኢራቅ ምድር ተቀምጠው ሳለ ጀናዛ አለፈ። ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። ሰዎች ሟቹ የዚያው አገር ሰው እንደሆነ፣ ሙስሊም እንዳልሆነ ነገሯቸው። እነሱም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የሆነውን ተናገሩ፦ ጀናዛ ሲያልፍ ነቢያችን ቆሙ፤ የአይሁዳዊ ጀናዛ መሆኑ ሲነገራቸው፣ ታዲያ እሱ ነፍስ አይደለም ወይ ብለው መልሰው ጠየቁ። ሁለቱ ሶሐቦች የመዲና አንሷር ናቸው። ከአገራቸው ርቀው፣ በማያውቁት ሕዝብ መካከል ተቀምጠው፣ የጎረቤት ሬሳ ሲያልፍ ያስታወሱት ይህን ነው።

ለጀናዛ መቆም በኋላ ተሽሯል ያሉ ዑለማዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ የያዝኩት መቆሙን ሳይሆን ምክንያቱን ነው። ነፍስ መሆኑ አልተሻረም።

ስለ ዝምታው ሑክምም እንዲሁ ልዩነት አለ። ከሌላ ባህል የመጣ ነውና እንራቀው የሚሉ አሉ፤ ዒባዳ አይደለም፣ የአገር ልማድ ነው ብለው የሚያቀሉም አሉ። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ሃይማኖቱንም አገሩንም የሚያውቅ፣ የምታምኑት ዓሊም ጠይቁ። ግን «እንራቀው» የሚለውን የያዘ ሰው እንኳ በዚያ ሰዓት ስልክ መነካካት፣ መሳቅ፣ ጮክ ብሎ ማውራት የተፈቀደለት አይመስለኝም። ደግሞ እኛ ለዝምታ እንግዳ ነን እንዴ? ዛሬ ኹጥባ ላይ አጠገባችሁ ያለውን «ዝም በል» ማለት እንኳ ጁምዓችሁን እንደሚያጎድል ተምራችሁ አድጋችኋል።

አሁን ወደ ሐበሻ ምድር ልውሰዳችሁ። ምክንያቱም በእስልምና የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች የተጠለሉት እኛ ዘንድ ነው፤ «በሰው አገር እንዴት እንኑር» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ኡሙ ሰለማ (ረዲየላሁ ዐንሃ) የተረኩት በሲራ ኪታቦች ውስጥ አለ። ሙሃጂሮቹ ሐበሻ ሳሉ አንድ ሰው በነጃሺ ላይ ዐመፀ፣ ንግሥናውን ሊነጥቅ ተነሣ። ኡሙ ሰለማ የዚያን ጊዜውን ያህል አዝነን አናውቅም ይላሉ። ነጃሺ ተሸንፎ መብታቸውን የማያውቅ ሌላ ንጉሥ እንዳይመጣ ፈሩ። ሁለቱ ጦሮች የተገናኙት ከዓባይ ማዶ ነበር። ማን ሄዶ ወሬ ያምጣልን ሲባባሉ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም «እኔ» አሉ። በዕድሜ ከሁሉም ከሚያንሱት አንዱ ነበሩ። አቁማዳ ነፍተው ደረታቸው ላይ አሰሩላቸውና ወንዙን ዋኝተው ተሻገሩ። የቀሩት ነጃሺን አላህ እንዲረዳው ዱዓ ያዙ። ዙበይር ልብሳቸውን እያውለበለቡ፣ ነጃሺ ማሸነፉን እያበሰሩ ሲመለሱ፣ የዚያን ዕለት ደስታ የሚያህል እንዳላዩ ኡሙ ሰለማ ይናገራሉ።

ይህን ታሪክ «የሐበሻ ክብር» እያልን ስንኮራበት ኖረናል። እኔ የሚገርመኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ጦርነቱ የእነሱ አልነበረም። የሚዋጋው ሠራዊት ሃይማኖቱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ ነው። ግን ቤት የሰጣቸው ሕዝብ ላይ የመጣው ስጋት እንቅልፍ ነሳቸው። ይህን ስላደረጉ ደግሞ ከዲናቸው የጎደለ የለም፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ በዚያው ንጉሥ ፊት ሱጁድ አላደርግም ያሉት ሰው ናቸው። ሱጁድ ለአላህ ብቻ፣ ሐዘንና ደስታ ግን ከጎረቤት ጋር።

ዛሬ አውሮፓ ያላችሁ ልጆች ለ«ኢንቡርገሪንግ» ፈተና ሜይ 4ን ሸምድዳችሁ ይሆናል። ለፈተና የተሸመደደ ቀን ግን ልብ ውስጥ አይገባም። በ2003 በዚያው ቀን አምስተርዳም ምዕራብ ውስጥ ከሞሮኮ ቤተሰብ የተወለዱ ጥቂት ልጆች ለሙታን የተቀመጠውን የአበባ ጉንጉን እንደ ኳስ ለጉት። የጥቂቶቹን ዕዳ ብዙ ሙስሊም ተሸከመው። የሚያሳዝነው፣ ዜላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ካፔለ ላይ፣ የፈረንሳይ ወታደሮች መቃብር አለ፤ በሜይ 1940 ጀርመንን ለመግታት መጥተው የወደቁ የሞሮኮ ወታደሮች እዚያ ተኝተዋል። (በቅኝ ገዥ ጦር ውስጥ ወደው ገቡ ወይስ ተገደው፣ እሱ ሌላ ውይይት ነው።) እነዚያ ልጆች የለጉት ምናልባት የአያቶቻቸውን አገር ልጆች አበባ ነበር።

አመርስፎርት አጠገብ በነበረው የናዚ ካምፕ ደግሞ በ1941 መኸር 101 የሶቪየት ምርኮኞች መጡ። ብዙዎቹ ከመካከለኛው እስያ፣ ከነሳማርካንድ አካባቢ ነበሩ፤ ኢማሙ ቡኻሪ ካረፉበት አገር። ናዚዎቹ ያመጧቸው ለሆላንድ ሕዝብ «ጠላታችሁን እዩ፣ ከሰው በታች ነው» ለማለት ነበር። 24ቱ በረሃብና በስቃይ አለቁ። የቀሩትን 77ቱን ኤፕሪል 9፣ 1942 ረሸኗቸው። በየዓመቱ በዚያ ቀን የሚያስቧቸው ሆላንዳውያን አሉ።

ይህን የምነግራችሁ ግን «የኛም ሰዎች ሞተዋልና እንቁም» ለማለት አይደለም። ከሟቾቹ አንድም ሙስሊም ባይኖር የነቢያችን ጥያቄ ያው ነው። ታማኝነታችሁን ለማሳየትም አትቁሙ፤ የኒያ ጉዳይ ነውና ለካሜራ የቆመ ለካሜራ ቆመ።

«እነሱስ ለኛ ሙታን ቆመው ያውቃሉ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ንዴቱ ይገባኛል። በጁላይ 1995 ስሬብሬኒጻ ላይ ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ሲታረዱ፣ ቦታውን በተባበሩት መንግሥታት ስም ይጠብቁ የነበሩት የሆላንድ ወታደሮች ነበሩ። የስሬብሬኒጻ እናቶች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በ2019 የሆላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት በከፊል ተጠያቂ ነው አለ፤ በ2022 የመከላከያ ሚኒስትሯ ለቤተሰቦቹ ይቅርታ ጠየቁ። እነዚያ እናቶች የማንንም አበባ ሳይረግጡ ነው እዚህ የደረሱት። ጁላይ 11 ሲመጣ የሥራ ባልደረባችሁን «ዛሬ የኛ ሐዘን ነው፣ ና» በሉት። ሜይ 4 ላይ ዕቃ ቤት የተደበቀ ሰው ግን ይህን ለማለት አፉ ይያዛል።

ወደ ራሳችንም ልመለስ፣ ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄኛው ነው። በ2013 ዓ.ም በጦርነቱ የነጋሽ መስጂድ፣ ሶሐቦች አርፈውበታል የሚባለው ያ ቦታ፣ በከባድ መሣሪያ ተመታ። በትግራይ፣ በአፋር፣ በአማራ፣ በወለጋ ዘመድ ያልቀበረ ስንቶቻችን ነን? አንዳችን ስለ ሟቻችን ስንጽፍ ሌላው «ያንተ ወገንስ?» እያለ በኮሜንት ይሳደባል፤ በዚህ ገጽ ስር ጭምር አይቻለሁ፣ ያጠፋሁትም አለ። ሁላችንም አብረን የምንቆምበት ሁለት ደቂቃ ገና አላገኘንም። የሆላንዶቹ ዝምታ ሲያስቀናኝ በዚህ ነው።

እህቴ፣ ለመጪው ሜይ 4 ከጠየቅሽው ዓሊም መልስ አግኝተሽ ለመቆም ከወሰንሽ፣ ሰዓቱ አይከብድም። በዚያ ወቅት እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ9 በኋላ ነው፤ ዐስርን ሰግደሻል፣ መግሪብ ገና ነው። ለምንም ነገር አታጎነብሺም፣ የምትደግሚው ቃል የለም። በልብሽ ልጆቻቸውንም ልጆቻችንንም ከጦርነት እንዲጠብቅ አላህን ለምኚ።

ከዚያ በፊት ግን ነገ ሥራ ስትገቢ እኚያን እናት ፈልጊያቸው። ፎጣው ውሸት እንደነበር፣ ፈርተሽ እንደሆነ ንገሪያቸው። ዕድሜያቸውን ካሰብነው በዚያ የረሃብ ክረምት ትንሽ ልጅ ነበሩ። በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ማንን እንደሚያስቡ ጠይቂያቸው፤ ሻይ አፍልተሽ፣ ቁጭ ብለሽ። ያሉሽን ከላክሽልን በሌላ ጁምዓ ኢንሻአላህ እናነበዋለን።

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ፣ እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። ጁምዓ ሙባረክ።