ቁልፉ መቼ ይሰጥህ?



ባለፈው ሳምንት ዱከም ላይ ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ አንድ ወጣት ያዘኝ። 18 ዓመት ሞልቶት የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ በቅርቡ አውጥቷል። አባቱ ግን መኪናውን የሚሰጡት ቀን ቀን ብቻ፣ ያውም አጠገቡ ተቀምጠው ነው። ጓደኞቹን ማሳፈር ክልክል ነው። «ኡስታዝ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ሌላው ወጣት ስላጠፋ እኔ ለምን እቀጣለሁ? በዲናችን ማንም በሌላው ወንጀል አይጠየቅም አይደል?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንተም በሆዴ ይዤዋለሁ ካልክ አብረን እናስበው።

ሱረቱ-ን-ኒሳእ 6ኛዋን አንቀጽ ክፈትና ተመልከት። አላህ የየቲምን ገንዘብ የያዙ ሰዎች ልጁን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርስ እንዲፈትኑት፣ ማስተዋልን ሲያዩበት ደግሞ ገንዘቡን እንዲያስረክቡት ያዛል። የቲሙ ምንም አላጠፋም። ገንዘቡም የገዛ ራሱ ነው። ሆኖም ዕድሜ ብቻውን አልበቃም፤ ሩሽድ፣ ማለትም የበሰለ ማስተዋል፣ ተጠየቀበት። ዑለማዎችም ስለ ፈተናው ሲያብራሩ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ገበያ ላይ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ማየትን ይጠቅሳሉ።

እንግዲህ ልዩነቱን ያዝ። ቅጣት ለተሠራ ጥፋት ነው። ፈተና ገና ላልታወቀ ነገር ነው። በጨለማ የሲኖትራክ መብራት ዓይንህን ሲወጋው፣ ከኋላ የተቀመጡ ጓደኞችህ «ንዳው እንጂ!» ሲሉህ ምን እንደምታደርግ አባትህ አያውቁም። አንተም ገና አታውቅም። ለገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ ለነፍስማ እንዴት አይታዘዝ? የቲሙ ቢሳሳት የሚያጠፋው የራሱን ንብረት ነው። አንተ ብትሳሳት ግን ከፋብሪካ ወደ ቤቷ የምትሄደውን ሠራተኛ፣ ባጃጅ ውስጥ ያለውን ሕፃን ነው።

ይህን ነገር ሌሎችም ደርሰውበታል። ኒውዚላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. መንጃ ፈቃድን በሦስት ደረጃ ከፈለችው፦ መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር፣ ቀጥሎ ብቻውን ግን በሌሊትና በተሳፋሪ ላይ ገደብ ተጥሎበት፣ በመጨረሻ ሙሉ ፈቃድ። ገደቡ በሌሊትና በተሳፋሪ ላይ የሆነው አዲስ ወጣት አሽከርካሪን አደጋ የሚበረታበት በጨለማና እኩዮቹን ባሳፈረ ጊዜ ስለሆነ ነው። እኛም ጋ ለሕዝብ ማመላለሻና ለከባድ ጭነት የሚጠየቀው ዕድሜ ከአውቶሞቢል ከፍ ይላል። የድሮ ሾፌሮችንም ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ መሪ የጨበጡት ረዳት ሆነው ጎማ ሲፈቱ፣ መኪና ሲያጥቡ፣ ግቢ ውስጥ ሲያንቀሳቅሱ ከቆዩ በኋላ ነው።

ይህ ወጣትን መናቅ እንዳይመስልህ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በኡሑድ ዘመቻ 14 ዓመቱ ነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መለሱት። በኸንደቅ 15 ሲሆነው ፈቀዱለት። የተመለሰው ሰው አልተዋረደም፤ ከታላላቅ የዲን ዐዋቂዎች አንዱ ሆነ። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) ደግሞ 20 ዓመት ገደማ ሳለ ታላላቅ ሰሓቦች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ አደረጉት። በልጅነቱ ያጉረመረሙ ሲኖሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተከራከሩለት። «ገና ነህ» ያሉትም «በቅተሃል» ያሉትም እኚሁ ነቢይ ናቸው።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ አንቀጹ እናንተንም ይይዛል። ማስተዋሉን ስታዩ አስረክቡ ይላልና። ደረጃ የሌለው ክልከላ ፈተና አይደለም፤ ልጁ ዛሬ ምን ቢያሳይ ነገ ምን እንደሚፈቀድለት ይወቅ።

ለዚያ ወጣትም ያልኩት ይህንኑ ነው። «ከአባትህ ጋር ተነጋገር። ስንት ወር አብረው ይቀመጡ? ብቻህን የምትነዳው መቼ ነው? ሌሊቱስ? ተስማሙና ቃልህን ጠብቅ።» ትንሽ ዝም አለና «አባቴ አጠገቤ ባይኖሩ ባለፈው እሑድ ጋሪውን ለመቅደም እሞክር ነበር» አለኝ። ሩሽድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አላህ በመንገዳችን ይጠብቀን፤ አማናን የሚወጡ ያድርገን። አሚን።