በመስተዋት ላይ ስለሚቀር የጣት አሻራ

ሰው እጁን ባሳረፈበት ነገር ሁሉ ላይ ከራሱ ጥቂት ነገር ትቶ ይሄዳል። ገበሬው በእርፉ ላይ፣ ጸሓፊው በብርዑ ላይ፣ ደቀ መዝሙሩ በሚያገላብጠው ብራና ጠርዝ ላይ የእጃቸው ምልክት ይቀራል። በዚህ ዘመን ደግሞ ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚይዘው ታብሌት የተባለው የመስተዋት ሰሌዳ ስለ መጣ፣ የጣታችን ምልክት ከቀድሞው ይልቅ ጐልቶ የሚታይበትን ስፍራ አግኝቷል። ስለዚህ ምልክት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ምልክቱ ነውር ነውን? ነውር ከሆነስ የማን ነውር ነው? የሚጠረገውስ እንዴት ነው? ነገሩ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በዚሁ በጥቃቅኑ ነገር ተሰናክለንበታልና፣ በመሰናከላችን ያገኘነውን ትምህርት ለማካፈል ይህን ጻፍን።

አስቀድመን የነገሩን ባሕርይ እንመርምር። በሰው መዳፍና በጣቶቹ ጫፍ ላይ ላብ የሚወጣባቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች በብዛት ይገኛሉ። ይህም ላብ ከሞላ ጐደል ውሃ ነው፤ ጥቂት ጨውና ሌሎች ነገሮችም አሉበት። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች ግን በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የሉም። እንግዲያስ በመስተዋቱ ላይ ተለድፎ የምናየው ወዝ ከወዴት መጣ ቢሉ፣ አብዛኛው ከፊትና ከጠጕር የመጣ ነው። ሰው ሳይታወቀው ግንባሩን ያሻል፣ አፍንጫውን ይነካል፣ ጠጕሩን ይደባብሳል፤ ከዚያ የወሰደውንም ወዝ ወደ መስተዋቱ ያሸጋግራል። ስለዚህ እድፉ የጣት ብቻ ይመስላል እንጂ ከገዛ ፊታችን ተወስዶ የተቀባ ነው።

ደግሞም ይህ ሰሌዳ ያለ ጣት አይታዘዝም። ከመስተዋቱ በታች ዓይን የማያየው የኤሌክትሪክ መረብ ተዘርግቶበታል። የሰው ሰውነት ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፣ ጣት በቀረበበት ስፍራ የመረቡ ኃይል ይለወጣል፤ መሣሪያውም በዚህ የተነካበትን ስፍራ ለይቶ ያውቃል። ተራ የሱፍ ጓንት ያጠለቀ ሰው ቢነካው የማይመልስለት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሳይነኩ ሊሠሩበት አይቻልም፤ ነክቶም ምልክት አለመተው አይቻልም። ምልክት የሌለበት ሰሌዳ ወይ ገና ከሣጥኑ ያልወጣ ነው፣ ወይ አሁን የተወለወለ ነው። በአገራችን ቋንቋ ትጉህ ሰው ሲመሰገን «በላቡ በወዙ የሚኖር» ይባላል። በመስተዋቱ ላይ የሚታየውም ይኸው ላብና ወዝ ስለ ሆነ፣ ምልክቱ በመገኘቱ ብቻ ነውር ሊባል አይገባውም። የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሕፃናትን የግዕዝ ንባብ ለምናስተምርበት ጉባኤ አንድ ታብሌት ተሰጠን። በውስጡ የጥንት የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ነበረበት። አሮጌውን ብራና ሳንጐዳ ለብዙ ሕፃናት ልናሳይ በመቻላችን እጅግ ደስ ብሎን ነበር። አንድ ቀን ሕፃናቱ ተራ በተራ ካነበቡ በኋላ ሰሌዳውን ብንመለከተው በወዝ ተለውሶ አገኘነው። በመጨረሻ ይዞት የነበረውን ልጅ ጠርተን፣ በጓደኞቹ ፊት «እጅህን ሳትታጠብ ይህን የመሰለ ዕቃ ታሳድፋለህን?» ብለን ገሠጽነው። ልጁም አንገቱን ደፋ። እኛም በነጠላችን ጫፍ መጥረግ ጀመርን። ብዙው ለቀቀ፤ በገጹ ግርጌ በቀኝ በኩል ያለ አንድ ጥቁር እድፍ ግን ብናሸው ብናሸው አልለቅ አለ። ይህን ጊዜ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፣ እርሱ እኮ ከመስተዋቱ ላይ አይደለም፤ ከብራናው ላይ ነው» አለን። ሌሎቹ ሕፃናት ሣቁ። እውነትም ያ ጥቍረት ጥንት ያን መጽሐፍ ያነቡ የነበሩ ሰዎች እጅ በብዙ ዘመን ያወረሰው ነበር። እኛ ግን ስላረመን ልናመሰግነው ሲገባን፣ እንደ ድፍረት ቈጥረንበት ከጉባኤው አስወጣነው።

በዚያው ዕለት ምሽት ሰሌዳውን ለብቻችን ይዘን ብዙ ሰዓት ስናነብ ቈየን። አንብበን ካጠፋነው በኋላ፣ ከጐን የሚመጣው የመብራት ብርሃን በጥቁሩ መስተዋት ላይ ሲወድቅ፣ በስተቀኝ በግርጌው ሰፋፊ የአውራ ጣት ምልክቶች ተደራርበው አየን። ሕፃናቱ ሰሌዳውን የሚነኩት በሌባ ጣታቸው ጫፍ ነው። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ከብራና ጋር ስለ ኖርን፣ ቅጠሉን ለመግለጥ አውራ ጣታችንን በምላሳችን የማራስ ልማድ አለን። ይህንኑ ልማድ ሳናስተውል ወደ መስተዋቱ ይዘነው ሄደን ኖሯል። ምሽቱን ከእኛ በቀር ሰሌዳውን የነካ ማንም አልነበረም። ጧትም ሕፃናቱ ከመምጣታቸው አስቀድሞ ይዘነው ያነበብን እኛው ነበርን። እንግዲህ ሕፃኑን የገሠጽንበት እድፍ ከፊሉ፣ ምናልባትም የሚበዛው፣ የእኛ ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ገባን። ሰሌዳው በሚበራበት ጊዜ እድፉ አይታይም፤ በጠፋ ጊዜ ግን ይገለጣል። በሌላው ነገር ሁሉ ብርሃን እድፍን ይገልጣል፣ ጨለማ ይሸፍናል። በዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። ይህስ እንዴት ነው ቢሉ፣ ብርሃኑ ሁለት ስለ ሆነ ነው። አንዱ ከሰሌዳው ከውስጡ የሚወጣ ነው፤ ይህ ብርሃን ዓይንን ወደ ሥዕሉና ወደ ጽሕፈቱ ስለሚስብ በላዩ የተቀባውን ወዝ ያስረሳል። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ይህም በወዙ ላይ ሲወድቅ ስለሚበታተን እድፉ ጐልቶ ይታያል። የገዛ ብርሃን የገዛ እድፍን አያሳይም፤ የሚያሳየው ከሌላ ወገን የሚመጣው ብርሃን ነው።

ይህም ነገር በሰው ላይ እንዲሁ ነው። መምህር በማስተማር ላይ ሳለ፣ ዳኛ በወንበሩ ላይ ሳለ፣ አባት በቤተ ሰቡ መካከል ሲናገር፣ ዕውቀቱና ሥልጣኑ ከውስጡ እየበራ የራሱን ጕድለት ይሸፍንበታል። የሚሰሙትም ወደ ብርሃኑ እንጂ ወደ እድፉ አይመለከቱም። ሥራው ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ሲበተንና ለብቻው ሲቀር፣ ወይም ከጐኑ ያለ ሰው እውነቱን ሲነግረው ግን ያየዋል። ለእኛ ከውጭ የመጣው ብርሃን ያ ሕፃን ነበር። እኛም ብርሃኑን ከጉባኤው አስወጣነው።

ሰው የራሱን እድፍ ለሌላ መስጠቱ አዲስ ነገር አይደለም። አሻራም ምስክር ሆኖ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. በአርጀንቲና አገር ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ። እናታቸውም ገዳዩ አንድ የምናውቀው ሰው ነው ብላ ከሰሰች። ሰውየውም ተይዞ ብዙ ተሠቃየ። በኋላ ግን በበሩ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት ምልክት ተገኘ። ሁዋን ቩሴቲች የተባለው የፖሊስ ሹም ያደራጀውን የአሻራ ምርመራ በመከተል ምልክቱ ከእናቲቱ ጣት ጋር ቢተያይ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ እርስዋም ጥፋቷን አመነች። እንዲሁም በ2010 በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች፣ በስልክ መስተዋት ላይ የቀረውን የወዝ መስመር በጐን ብርሃን ፎቶግራፍ በማንሣት፣ ባለቤቱ ስልኩን የሚከፍትበትን የምሥጢር ምልክት ለማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። የእኛ ጥፋት ከእነዚህ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ነው። አፍ ሌላውን በሚከስበት ጊዜ ጣት በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል።

እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም የመጥረጉ ነገር ነው። በዚህም እኛ ሦስት ስሕተት ሠርተን ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተት፣ አቧራውን ሳናራግፍ ማሸታችን ነው። በአቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ይገኛል፤ ከአሸዋም መካከል ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ከብዙው መስተዋት የጠነከረ ነው። አቧራው ሳይራገፍ በኃይል የሚያሽ ሰው ወዙን አጠፋለሁ ሲል መስተዋቱን ይጭራል። ወዝ ይለቃል፤ ጭረት ግን አይለቅም። ስለዚህ አስቀድሞ ሰሌዳውን ማጥፋት፣ ከኤሌክትሪክ መሙያውም መንቀል፣ ከዚያም አቧራውን ቀስ ብሎ ማራገፍ ይገባል። ማጥፋቱ ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን፣ እድፉ የት እንዳለ የሚታየው ሰሌዳው ሲጠፋ ስለ ሆነም ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በጨርቁ ነው። አቧራ ያዘለና የተልከሰከሰ ልብስ ወዙን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ያስተላልፋል እንጂ አያነሣውም። ለዚህ የተሠራው ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ ክሩ ከሰው ጠጕር እጅግ የቀጠነ ስለ ሆነ ወዙን ወደ ራሱ ይሰበስበዋል። ብዙ ጊዜ ደረቁ ጨርቅ ብቻ ይበቃል። ካልበቃም ጨርቁን በጥቂት ውሃ ማራስ ነው። ውሃውን በሰሌዳው ላይ ማፍሰስ ወይም መርጨት ግን አይገባም፤ በቀዳዳው ገብቶ ውስጡን ያበላሻልና። ጨርቁም ራሱ በየጊዜው ካልታጠበ፣ ትናንት ያነሣውን ወዝ ዛሬ መልሶ ይቀባል።

ሦስተኛው ስሕተት ከልክ ያለፈ ማሸት ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ አይፓድ የተባለውን ሰሌዳ በ2010 ባወጣ ጊዜ፣ በመስተዋቱ ላይ ወዝን የሚገፋ እጅግ ስስ ልባስ ነበረው፤ እንዲህ ያለው ልባስ ዛሬ በብዙዎች ሰሌዳዎች ላይ ይገኛል። ይህ ልባስ ወዙ እንዳይጣበቅና በቀላሉ እንዲጠረግ ያደርጋል። በዕለት ተዕለት አገልግሎት ቀስ በቀስ ያልቃል፤ በሻካራ ነገር ሲታሽ ደግሞ ፈጥኖ ያልቃል። በረኪና፣ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃና የዕቃ ማጠቢያ ዱቄትም ይጐዱታል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በመጋቢት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ይኸው ኩባንያ ከመቶ 70 እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ባለበት መጥረጊያ ከላይ ከላይ በቀስታ ቢጠረግ ጕዳት እንደሌለው አስታውቋል። ለጀርም ይህ ይጠቅማል፤ ለወዝ ብቻ ከሆነ ግን ለስላሳው ጨርቅ ይበቃል። ለማጽዳት ብሎ ልባሱን የጨረሰ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መስተዋቱ ከፊተኛው ይልቅ እድፍ የሚይዝ ይሆንበታል።

ሰውን ማረምም ይህን ይመስላል። በልጅ ላይ ከጥፋት የሚጠብቀው አንድ ስስ ልባስ አለ፤ እርሱም ኀፍረትና የመምህሩ ፍቅር ነው። ለጥቂት እድፍ ብለን በሰው ፊት በኃይል ያሸነው እንደ ሆነ፣ እድፉ ይለቅ ይሆናል፤ ልባሱ ግን አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ተግሣጽ አይሰማውም፤ ጥፋትም ፈጥኖ ይጣበቅበታል። አራሚው አስቀድሞ የራሱን ጨርቅ ያጥበው፤ ቍጣውን እንደ አሸዋ ያራግፈው፤ ከዚያም በልኩ ይጥረግ።

ደግሞም ምልክት ሁሉ የሚጠረግ አይደለም። ብራና ወዝን ይጠጣል፤ መስተዋት ግን አይጠጣም። በብራናው ጠርዝ ላይ ያለው ጥቍረት መጽሐፉ በሣጥን ተቈልፎ ያልኖረ፣ ትውልድ ያነበበው መሆኑን የሚናገር ስለ ሆነ ይከበራል። ያለፉት ሰዎች የተዉትን እድፍ እናጠፋለን ብለን የዛሬውን መስተዋት ብናሽ፣ ልባሱን ከመጨረስ በቀር የምናተርፈው ነገር የለም። የእኛ ድርሻ በእኛ ዘመን መስተዋት ላይ ያለው ወዝ ነው።

ልጁ ሦስት ቀን ከጉባኤው ቀረ። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሄደን በወላጆቹ ፊት የሆነውን ሁሉ ነገርነው፤ በደላችንንም ገልጠን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የኔታ፣ እኔም እኮ ነክቼው ነበር» አለን። ይህን ቃል የእኛ አፍ አስቀድሞ ሊናገረው ይገባ ነበር። በማግስቱ፣ ተግሣጹ በጓደኞቹ ፊት ስለ ነበረ ይቅርታውንም በጓደኞቹ ፊት ደገምነው። ሕፃናቱም በዚህ ጊዜ አልሣቁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ሲፈጸም ሰሌዳውን እናጠፋለን፤ ወደ መስኮቱም አዘንብለን ሁላችን አብረን እንመለከተዋለን። ማን አሳደፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁላችንም ነክተነዋልና። ጨርቁ ተራ በተራ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የመጀመሪያው ተራ ግን የመምህሩ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፤ እናንተም በየቤታችሁ ይህን መሣሪያ ባጠፋችሁ ጊዜ፣ ጥቁሩን መስተዋት በጐን ብርሃን ጥቂት ተመልከቱት። በዚያ ላይ የልጆቻችሁን ጣት ከመፈለጋችሁ በፊት የራሳችሁን ፈልጉ።