ቁርኣን፣ ተፍሲር እና የድንጋይ ጽሑፍ

ቁርኣን ያለፉ ሕዝቦችን ሲያነሳ ዘመን አይቆጥርም፤ የነገሥታትንም ስም እምብዛም አይጠራም። ስለ ዓድና ሰሙድ፣ ስለ ፈርዖን፣ ስለ ሰበእ ሰዎች የሚናገረው ሰሚው ታሪኩን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሆኖ ነው። የሚፈልገው ሰሚው ከነዚያ ሕዝቦች መጨረሻ እንዲገሠጽ ነው። መቼና በማን ዘመን ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት በኋላ የተነሡት ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) እና ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። በቅርቡ ደግሞ የዐለት ጽሑፍ የሚያነቡ ተመራማሪዎች ተጨምረዋል።

በዘመኑ ከዐረቢያ ውጭ ይካሄድ ስለነበረ ጦርነት በግልጽ በመናገር 30ኛው ምዕራፍ፣ ሱረቱ አር-ሩም፣ ከሌሎቹ ይለያል። ምዕራፉ የሚከፈተው ሮማውያን በቅርብ አገር መሸነፋቸውን በማውሳት ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው ድል እንደሚያደርጉም ያበስራል። ሮማውያን የተባሉት በቁስጥንጥንያ ይነግሡ የነበሩት ባይዛንታይኖች ናቸው። በ602 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ንጉሠ ነገሥቱ ሞሪስ ዙፋኑን በነጠቀው በፎቃስ ትእዛዝ ሲገደል፣ የፋርሱ ዳግማዊ ኾስሮው ግድያውን ሰበብ አድርጎ ዘመተ። በ613 ደማስቆ፣ በ614 ኢየሩሳሌም ተያዙ፤ የክርስቶስ መስቀል ነው ተብሎ ይከበር የነበረው ዕፅም ወደ ፋርስ ተወሰደ። ቀጥሎ ግብፅ ወደቀች፤ በ626 ቁስጥንጥንያ ራሷ ተከበበች። በዚያ ሰዓት ሮም ታንሠራራለች ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ሆኖም የሮማውያኑ ንጉሠ ነገሥት ሕርቃል በዲሴምበር 627 በነነዌ አጠገብ የፋርስን ጦር ሰበረ፤ በተከታዩ ዓመት ኾስሮው ከዙፋኑ ወርዶ ተገደለ።

ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት የመካ ሙሽሪኮች (ጣዖት አምላኪዎች) ለፋርስ ሲያደሉ፣ ሙስሊሞች የመጽሐፉ ሰዎች ለሆኑት ሮማውያን ያደሉ ነበር፤ አቡበክርም በዚሁ ጉዳይ ከቁረይሽ ሰው ጋር ውርርድ ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ከክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ፣ ከነጃሺ፣ ዘንድ የተጠለሉትም በነዚያው ዓመታት፣ በ615 ገደማ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ መካ ከዓለም ተነጥላ የኖረች የበረሃ ከተማ ነበረች የሚለው ሐሳብ ይፈርሳል። የቁስጥንጥንያና የአክሱም ጉዳይ ለነዋሪዎቿ የራሳቸው ጉዳይ ነበር።

105ኛው ምዕራፍ፣ አል-ፊል፣ ሌላ ዓይነት ነው። በአምስት አጫጭር አንቀጾች የዝሆኑ ባለቤቶች እንዴት እንደጠፉ ይናገራል፤ አብረሃንም፣ መካንም፣ ሐበሻንም በስም አይጠራም። የየመኑ ገዥ አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ ዝሆን ይዞ መዝመቱን፣ ዘመቻውም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በተወለዱበት ዓመት፣ በ570 ገደማ፣ መሆኑን የሚናገሩት ሙፈሲሮችና የነቢዩን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ናቸው።

አብረሃ ከሌላም ምንጭ የሚታወቅ ሰው ነው። የአክሱሙ ዐፄ ካሌብ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን እልቂት ሰምተው በ525 ገደማ በየመን ወደነበረው የሒምየር መንግሥት ዘመቱ፤ በዚያም የራሳቸውን ሹም አነገሡ። ባይዛንታይናዊው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደመዘገበው ይህን ሹም አውርዶ ሥልጣን የያዘው አብረሃ ነው። አብረሃም ራሱ ጽሑፍ አስቀርጿል። አንዱ በ548 የማሪብን ግድብ ማስጠገኑን ይናገራል፤ በ552 በሙረይግሃን ዐለት ላይ የተቀረጸው ደግሞ መዓድ በተባሉት የዐረብ ነገዶች ላይ መዝመቱን። ይህ ሁለተኛው ጽሑፍ ስለ መካም ስለ ዝሆንም አንድ ቃል የለውም። ተመራማሪዎች የዝሆኑ ዘመቻ ይኸው ነው ወይስ ሌላ በሚለው ላይ አልተስማሙም። በድንጋዩና በ570 መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይቀመጣል። 570 የሚለው ዓመት የመጣው ከትውፊት ነው፤ ምዕራፉ ዓመት አልጠቀሰም። ስለዚህ ድንጋዩ የሚከራከረው ከትውፊቱ ጋር ነው፤ ከቁርኣኑ ጋር አይደለም።

በማሪብም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሱረቱ ሰበእ በአትክልት የበለጸገ አገር በግድብ ጎርፍ መጥፋቱን ሲናገር የትኛው ጎርፍ እንደሆነ አይወስንም፤ የማሪብ ግድብ ደግሞ በየዘመኑ ተደጋግሞ ተሰብሯል።

ትውፊትን ከቃሉ መለየት አዲስ አሠራር አይደለም። በ923 የሞተው አጥ-ጠበሪ ታላቅ የቁርኣን ትንታኔ (ተፍሲር) እና ታላቅ የነቢያትና የነገሥታት ታሪክ ጽፏል፤ በሁለቱም እርስ በርስ የሚጋጩ ዘገባዎችን ከነተራኪዎቻቸው ስም ደርድሯል። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ኸልዱን በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ ከዚህ አለፈ። ሱረቱ አል-ፈጅር ኢረምን ባለ ምሰሶዋ ብሎ ይጠራል፤ ሙፈሲሮች ከዚህ ተነሥተው በዐደን በረሃ በወርቅና በብር የታነጸች ከተማ ነበረች ብለው ተረኩ። ኢብኑ ኸልዱን ቃዲ ሆኖ የፈረደ አማኝ ነበር፤ ቃሉን ሳይነካ ተረቱን ጣለው። ያንን በረሃ ነጋዴና መንገደኛ ዘወትር ሲያቋርጠው ከተማዋን ያየ አንድ ሰው እንኳ እንዳልተገኘ ጻፈ፤ ምሰሶዎቹም የድንኳን ምሰሶ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከተ።