በነቀርሳ ለታመመ ሰው ስለሚገባ ምክር፤ ለአስታማሚዎች የተጻፈ

አንባቢ ሆይ፤ እናትህ በጊንጪ ታማ ብትተኛ፥ በጡትዋ የጀመረው ነቀርሳ፥ ዛሬ ካንሰር የሚባለው፥ ወደ አጥንትዋ አልፎ ቢገኝ፥ ምን ታደርጋለህ? በአዲስ ዓለምና በሆለታ አልፈህ አዲስ አበባ ታደርሳታለህ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ፥ እርስዋ የምታውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነውና፥ አስተርጓሚው አንተ ትሆናለህ። ሐኪሙ በሽታው ተሰራጭቷል ይላል፤ አንተ ግን ቁስል ነው፥ ይድናል ብለህ ትነግራታለህ። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ከፍቅር የተነሣ እንዳደረግኸው አውቃለሁ። ሆኖም የራስዋን ነገር ከራስዋ ሰወርህባት፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ስለ እርስዋ በሚመከረው ምክር እርስዋ የለችበትም።

ሁሉን ለማወቅ የማይወድ በሽተኛም አለና፥ ምን ያህል መስማት እንደምትፈልግ አስቀድመህ ጠይቃት። ልወቅ ካለችህ አትዋሻት፤ በአንድ ቀንም ሁሉን አታፍስስባት።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙን ጠይቅ። ይህ ሕክምና ለማዳን ነው፥ ወይስ ዕድሜ ለመጨመር፥ ወይስ ሥቃይ ለማቅለል? ስንት ጊዜ ያመላልሰናል? ምን ድካም ያመጣባታል? ብንተወውስ? አጥንት የገባ የጡት ነቀርሳ ከሥሩ አይነቀልም፤ ለአንዳንዱ ግን በቤት የሚዋጥ፥ በሽታውን የሚያዘገይ ኪኒን አለ። የአጥንቱንም ሕመም ጨረር ይቀንሰዋል፤ ለዚህ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቀን ጨረር ይበቃልና፥ ከሩቅ የመጣህ ሰው ይህን ሳትጠይቅ አትመለስ። ጨረር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአገሩ ሁሉ ሌላ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ጅማን በመሰሉ ከተሞችም አለ።

ጠበል ብትወድ አትከልክላት፤ መድኃኒቱን ጥላ እንድትሄድ ግን አትፍቀድ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ባለቀሰ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያኖሩለት አዘዘ። ጸሎቱ መድኃኒቱን አልከለከለም።

ሞርፊንን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ኃጢአት ነው የሚልም አለ። በሐኪም ልክ የተሰጠ ሞርፊን ግን ሥቃይን ያስታግሣል እንጂ አይገድልም። ሆድ ያደርቃልና የሚያለሰልስ መድኃኒት አብረህ ለምን። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም እንዲህ ያሉትን ሕሙማን በቤታቸው እየጎበኘ ሲያስታግሥ ኖሯል።

ስለ በሬው ደግሞ ልንገርህ። ለሕክምናው የእርሻ በሬዬን እሸጣለሁ ትላለህ። ከመሸጥህ በፊት እርስዋን ጠይቃት። ምናልባት የልጅ ልጄን ሠርግ ብደርስበት ትልሃለች፤ እንግዲያስ ሽጥ። ምናልባትም በሬውን ተዉት፥ በቤቴ በመኝታዬ ሆኜ ሕመሜን ብቻ አቅልሉልኝ ትላለች። ይህን መፈጸም እናትን መጣል አይደለም። እናቱን ሳያሳክም ቀረ ብሎ ጎረቤት ያማህ ይሆናል፤ ስንቱ ሰው በለቅሶ ቤት የሚነገረውን ፈርቶ በሬውን ሸጧል! (ሌሊት የምታገላብጣትም ልጅ ብዙ ጊዜ ለምክር አትጠራም፤ እርስዋንም ጥራት።)

እንግዲህ ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ በገዛ ቋንቋዋ፥ በኦሮምኛ፥ ጠይቃት፤ ስትመልስልህም ቃልዋን አታቋርጥባት።