ጉዞው ለማን ይቀረጻል?

ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት የሳይክል ነጂን ጉልበት የሚፈትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ ተጓዦቹን ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ተጓዦቹ በሞያሌ ኬንያ ገብተው ዲዳ ጋልጋሉ በረሃ ሲደርሱ፣ ጎማቸው በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እየዘለለ፣ ክንዳቸው እየደነዘዘ ያልፉ ነበር። ዛሬ ዋናው መንገድ ለስልሷል። ፈተናውን የሚናፍቅ የተራራ ብስክሌት ነጂ ከአስፋልቱ ወጥቶ በከብት ዱካ ወደ ኮረብታው መታጠፍ አለበት። ከመታጠፉ በፊት ደግሞ የዘመኑ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ሄልሜቱ ላይ ካሜራ መግጠም ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ነገር ነው?

ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ የኪስ ነው። ስም ያላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ከ300 እስከ 400 ዶላር ያወጣሉ፤ ክብደታቸው 150 ግራም ገደማ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀርጹ የአንድ ሰዓት ጉዞ 45 ጊጋባይት ይበላል። በቆላ ፀሐይ ነፋስ ሳያገኙ ከቆሙ ግለው ራሳቸውን ሊያጠፉ ይችላሉ። ይህን ማንኛውም ሐቀኛ ሻጭ ይናገራል።

የዕቃው አመጣጥ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሳል። የካሜራ አምራቹን ጎፕሮን የመሠረተው ኒክ ውድማን በባሕር ሞገድ ላይ የሚንሸራተት ስፖርተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያ ካሜራ በእጅ አንጓ የሚታሰር፣ በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ ነበር፤ የተፈለገውም ስፖርተኛው ራሱን በድርጊቱ መካከል እንዲያነሳበት ነው። ታዲያ ሰው ያደረገው ነገር የሚያይለት ካጣ ይጎድላል ወይ?

ከሞያሌ ነዋሪ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ለዚህ ጥያቄም ከእምነቱ የተቀዳ መልስ አያጣም። ሥራ በኒያ፣ ማለትም በልብ ሐሳብ ይመዘናል፤ ለይዩልኝ የተሠራ በጎ ሥራ ምንዳው ይጠፋል። ሁለት ጸሐፊ መላእክት እያንዳንዱን ድርጊት ይመዘግባሉ ብሎ የሚያምን ሰው፣ ትናንት ከሰዓት ብቻውን የወጣው አቀበት ምስክር አጥቶ ቀረ ብሎ አይሰጋም። እርግጥ ሳይክል መንዳት እንደ ሶላት አይደለም። ሆኖም ኮረብታ ላይ ተመልካች መፈለግ የለመደ ልብ፣ መስጊድ ሲገባ ልማዱን ጫማው ጋር ደጅ ትቶት አይገባም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊትም የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ከሰው ዓይን ተሰውረው እንዲደረጉ ያስተምራል። ምእመናን በዋልድባ ከሰው የተሰወሩ ቅዱሳን አሉ ይላሉ። ይህችው ቤተ ክርስቲያን ግን ገድላትን አስጽፋለች፤ ስንክሳርንም በየዕለቱ ታስነብባለች። ነገሩ አይጋጭም። ባሕታዊው ራሱን ሰወረ፤ ገድሉን የጻፉት ከኋላው የመጡት ናቸው፤ የጻፉትም ሊከተል ለሚወድ ነው።

ሞያሌ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የሆነው ቦረና ደግሞ ታሪኩን ያለ ወረቀት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት አቆይቷል። የቃል ታሪክ አዋቂዎቹ ያለፈውን ዘመን በስምንት በስምንት ዓመት ከፍለው በአባ ገዳዎቹ ስም ይጠሩታል። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህን ሥርዓት ለዓለም አስተዋውቀዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳን ሥርዓት መዝግቦታል። የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ የሆነው ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ሕግ ሊመክር ሲቀመጥ፣ የቀደሙት ምን እንዳደረጉ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልገዋል። ትዝታው የሚጠበቀው ጉባኤው ስለሚሠራበት ነው።

ሦስቱም ወጎች እንግዲህ ምዝገባን አይጠሉም። ለማን እንደሚጠቅም ግን አጥብቀው ይጠይቃሉ። ካሜራ የመግዛቱ ውሳኔም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ይበጃል።

ለምሳሌ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮን የነበረውን ሚካኤል ሹማኸርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 በፈረንሳይ ሜሪቤል በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ፣ ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ነበረው። ራሱ መናገር ባልቻለበት ሰዓት መርማሪዎች አደጋው እንዴት እንደደረሰ ከቀረጻው ተረድተዋል። ያ ምስል ለሕግ አገልግሏል። በሌላ በኩል፣ ካሜራው የሄልሜቱን ጥንካሬ ቀንሶ ይሆን የሚለው ጥያቄ በዚያው አደጋ ምክንያት ተነሥቶ ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ጠንካራ ነገር በራስ ቅልና በድንጋይ መካከል ማስገባት የሚያሳስበው ሰው ካሜራውን ደረቱ ላይ ቢያስረው ይሻለዋል።

«ትዝታ ይሆነኛል» የሚለው ምክንያትም መፈተሽ አለበት። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በሙዚየም ዕቃዎችን ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ከተመለከቱት ያነሰ አስታውሰዋል። አሊክሳንድራ ባራሽና ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በፈቃዳቸው ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ያዩትን የተሻለ፣ የሰሙትን ግን ባነሰ ሁኔታ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። ጠጠር ላይ የጎማን መንሸራተት ቀድሞ በጆሮው ለሚያውቅ ነጂ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ካሜራው ራሱም ያየውን ሁሉ እንዳለ አይናገርም። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ቁልቁለትን ያስተኛዋል፤ ነጂው ከኮርቻው ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ፣ ጣቶቹን ከብሬኩ ሳያላቅቅ የወረደው ገደል በስክሪን ላይ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ መስሎ ይታያል። ድፍረቱን ሊያስመሰክር የገዛው ሰው ማዘኑ አይቀርም። ስህተቱን ሊያርም የገዛው ግን ዓይኑ የት እንደቀረ፣ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ዘግይቶ ብሬክ እንደያዘ ደጋግሞ ማየት ይችላል። ለሚያስተምራቸው ልጆችም መንገዱን አስቀድሞ ያሳይበታል።

ሞያሌ ላይ ደግሞ በቀረጻው ውስጥ የሚገባው ነጂው ብቻ አይደለም። እረኛ፣ ከብት የምታጠጣ ሴት፣ ተሻጋሪ ነጋዴ ሳይጠየቁ ይቀረጻሉ። እጁ ላይ ስልክ የያዘ ሰው ያስታውቃል፤ ሄልሜት ላይ ያለ ሌንስ ግን ሳይታወቅ ያልፋል። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንድ ሰው የውኃ ጉድጓድ ዳር ያለችን እናት ኢንተርኔት ላይ ከማውጣቱ በፊት፣ ከሕጉም አስቀድሞ ክብሯ ሊያሳስበው ይገባል።

ስለዚህ ከቀረጻው የሚጠቀም ሰው ማሰብ ያልቻለ ገንዘቡን ለጥሩ ሄልሜትና ለብሬክ ቢያውለው ይሻላል፤ ጉዞው ምንም አይጎድልበትም። ተማሪ፣ አብሮ የሚነዳ ጓደኛ ወይም አልጋ ላይ ሆኖ ኮረብታውን የሚናፍቅ ዘመድ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ያገለገለ ካሜራ ይግዛ፤ የድንበር ኬላና ሰው የሚበዛበት ቦታ ሲደርስ ያጥፋው። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀረጻውን እነማን እንዳዩትና ምን እንደጠቀማቸው ቢጠይቅ፣ ካሜራውን ማቆየት ወይም መሸጥ እንዳለበት ለመወሰን አይቸገርም።