የዜማ ደራሲ መኖሪያ

የታወቁ የሙዚቃ ደራስያን የኖሩባቸውን ቤቶች ጠብቆ ለጎብኚ መክፈት በአውሮፓ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ቤትሆቨን የተወለደበት የቦን ቤት ከመፍረስ የዳነው እ.ኤ.አ. በ1889 የከተማው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ስለ ገዙት ነው። ልማዱ የተመሠረተበት እምነት፣ በግልጽ ባይነገርም፣ ለቅዱሳን ዐፅም ከሚሰጠው ክብር ብዙ አይርቅም፤ የደራሲው እጅ የነካው ዕቃ ከሥራው ምንጭ አንዳች ነገር ይዞ እንደ ቀረ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በአይዘናኽ ከተማ የባኽ የትውልድ ቤት ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1907 ሙዚየም የሆነው ቤት፣ ባኽ ያልተወለደበት መሆኑ ኋላ በምርምር ሲታወቅ ጎብኚው አልቀረም፤ እንግዲህ ቀድሞ በዚያ ቆሞ የተመሰጠ ሰው የተመሰጠው በምን ነበር?

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት በአክሱም እንደ ነበረ ቢታመንም፣ በሰሜን ተራሮች ተሰወረ እንጂ ተቀበረ ስለማይባል፣ መኖሪያው ቀርቶ መቃብሩም አይፈለግም። ትውፊቱ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ከሰማይ ተቀበለ እንጂ ከራሱ አፈለቀ ስለማይል፣ ምንጩን በአንድ ሰው እልፍኝ መፈለግ ከመነሻው አያስኬድም። ከዚህም በላይ ድርሰቱ ከሰው ተለይቶ አያውቅም፤ በጋይንት በምትገኘው ቤተልሔም፣ የድጓ ምስክር ማለትም የዜማው መጽሐፍ ትምህርት ተፈጽሞ ለመምህርነት ማረጋገጫ የሚሰጥበት ጉባኤ ባለበት ስፍራ፣ ተማሪው ቃሉንም ከፊደላቱ በላይ በትናንሹ የሚጻፈውን ምልክትም በመምህሩ ፊት እያዜመ ይታረማል። ዜማው ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ ሲተላለፍ የደራሲው ሥጋዊ ህልውና በመምህሩ ስለሚተካ፣ ግድግዳ የሚሞላው ክፍተት አይኖርም፤ በአንጻሩ በኖታ ተጽፎ ደራሲውን በማያውቁ እጆች የሚጫወት ሥራ የጎደለውን ሥጋ በቤትና በዕቃ ለማካካስ ይገደዳል ማለት ይቻላል።

በሁለቱ መካከል የሚቆሙት እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ሥራቸው በሸክላና በኖታ መድበል ይገኛል እንጂ እንደ ድጓ ምስክር ቤት አልተተከለለትም፤ ስለዚህ በደብረ ገነት ገዳም ከፒያኗቸው ጋር የኖሩባትን ጠባብ ክፍል እንደ ቦን ቤት ጠብቆ የማቆየት ሐሳብ ተገቢ መስሎ ይታያል። ሆኖም ምንኩስና ዓለምን ከነንብረቱ መተው ነውና፣ የእኔ የሚሉት ቤት እንዳይኖራቸው የመነኑትን እናት ከሞቱ በኋላ ባለቤት ማድረግ ከስእለታቸው ጋር ይጋጫል። የእጅ ጽሑፎቻቸውና ፒያኗቸው ሙዚቃን ለሚያጠና ሰው ስለሚጠቅሙ በጥንቃቄ ሊቀመጡ ይገባል፤ ክፍሏ ግን በገዳሙ ሥርዓት ለሌላ መነኩሲት ብትሰጥ የሚቀር ነገር የለም።