የክረምት በጎ ፈቃደኛ ውሎ በአቃቂ ቃሊቲ

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ እስከ አዲሱ ዓመት ዋዜማ ድረስ ያለ ክፍያ የሚሰጡት የጉልበት፣ የዕውቀትና የጊዜ ስጦታ ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በብዛት የሚታዩት ሥራዎች አራት ናቸው፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠትና ደም መለገስ። ለዚህ ሥራ የሚነሣ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ምክር አንድ ነው፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አለመሄድ። በክረምት እኩሌታ ላይ የተተወ በጎ ሥራ ካልተጀመረው ይብሳል።

ወጣት ከቀዬው ወጥቶ ሌላውን ማገልገሉ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በ1955 የትምህርት ዘመን ከአሜሪካ የመጡ ከ270 በላይ የሰላም ጓዶች በጎ ፈቃደኞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበዋል። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በቅርቡም የሰላም ሚኒስቴር «በጎነት ለአብሮነት» በተባለው መርሐ ግብሩ ወጣቶችን ከተወለዱበት ክልል ውጭ አሰማርቷል። የዕድገት በኅብረት ዘማች በመንግሥት ትእዛዝ የሄደ ነበር። የዛሬው የክረምት በጎ ፈቃደኛ ግን የሚያስገድደው የለም፤ ስለዚህ ሰዓቱንም ሥራውንም ራሱ መቆጣጠር ይኖርበታል።

አካባቢውን ማወቅ የአገልግሎቱ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ዝቅተኛ ቦታዎች አንዱ ነው። በእንጦጦና በሌሎች የሰሜን ከፍታዎች ላይ የጣለው ዝናብ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ተጉዞ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚወርደው በዚህ በኩል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ ሲሞላ ዳርቻው ያሉ መንደሮች ለጎርፍ ይጋለጣሉ። ውኃው የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ የሚመጣ ስለሆነ እግር መታጠብም ሆነ ዕቃ ማለቅለቅ አይገባም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ግድግዳው የሚሰነጠቀውና በሩ አልዘጋ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ውኃ ማስወገጃ ቦይ ሳይቆፈር ግድግዳ መምረግ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ወደ ሥራ ከመግባት በፊት በወረዳው መመዝገብ ያስፈልጋል። ቤታቸው ከሚታደስላቸው አረጋውያን ብዙዎቹ የሚኖሩት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት የመንግሥት በሆኑ የቀበሌ ቤቶች ነው፤ እነዚህን ያለ ወረዳው ፈቃድ ማፍረስም ማደስም አይቻልም። ፈቃዱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢያዝ ነዋሪዎቹን ከኋላ ጣጣ ይጠብቃቸዋል። ለማገልገል ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወጣት ደግሞ ስለ ልብሱ ያስብበት። በአውሮፓና በአሜሪካ ሐምሌ የሙቀት ወር ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ብርድና ጭቃ ነው። ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማና የሥራ ጓንት ያስፈልጉታል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰድም ግድ ነው፤ ከአሮጌ ጣሪያ የሚወርድ ዝገት የበላው ቆርቆሮና ሚስማር እጅና እግር ይቆርጣል።

የቤት እድሳት ውሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢጀመር ይመረጣል፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና። ጣሪያ ከመነሣቱ በፊት አዲሱ ቆርቆሮ፣ አጠናው፣ ማገሩና ሚስማሩ ተቆጥሮ በግቢው መገኘት አለበት። ቆርቆሮው ነገ ይመጣል ተብሎ ዛሬ ክዳን አይነሣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ቸኩሎ የተገለጠ ቤት አሮጊቷን ከነፍራሻቸው ዝናብ ላይ ይጥላል። ትርፍ ሸራም በቅርብ ይቀመጥ። የቤቱ ዕቃ በአንድ ጥግ ተሰብስቦ ይሸፈን፤ ሥዕሉ፣ ፎቶግራፉ፣ የጡረታ ደብተሩና የመድኃኒቱ ከረጢት ግን በባለቤቷ እጅ ይሁን። ጣሪያው ከተከደነና አሸንዳው ከታሰረ በኋላ ወደ ግድግዳው ይታለፋል። ጭቃው ከጭድ ጋር በደንብ ተረግጦ፣ አድሮ መብሰል አለበት። በክረምት ምርጊት ቶሎ ስለማይደርቅ የመጀመሪያው እጅ ሳይጠነክር ሁለተኛውን መደረብ ልጥፉን ያረግፈዋል። ጉልበት የሌለው አባል ሥራ አያጣም፤ ሚስማር ያቀብላል፣ መሰላል ይይዛል።

የምግብ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደቦ ባህል ሠራተኛውን የሚያበላውና የሚያጠጣው ባለቤቱ ነው። በወንፈል ደግሞ ጉልበቱ በተራ ይመለሳል። የበጎ ፈቃድ ሥራ ግን አቅም ለሌለው የሚደረግ ስለሆነ ቡድኑ ምሳውን ይዞ መምጣት አለበት፤ አለዚያ እማማ ለወር ያስቀመጡት ዱቄት በአንድ ቀን ያልቃል። ቡና ሲያፈሉ ግን አልጠጣም ማለት አይገባም። አቦሉን ተቀምጦ መጠጣት ለእሳቸው ክብራቸው ነው፤ ስኳሩን ይዞ መምጣት ደግሞ የወጣቱ ብልሃት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ከባዱ ሥራ በማለዳ ይመደብ፤ የሚጾመውም የማይጾመውም ሳይተዛዘቡ እንዲመገቡ አስቀድሞ ይነገር።

የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ በጎ ፈቃደኛ ከሁሉ በላይ የሚፈለግበት ሰዓት ማክበር ነው። አንድ ሕፃን በዝናብ ተጉዞ መጥቶ አስተማሪውን ካጣ በማግስቱ ይቀራል። በሁሉም ምዕራፍ ከመሮጥ ተማሪው የተቸገረበትን፣ ለምሳሌ ክፍልፋይን ወይም የእንግሊዝኛ ንባብን፣ ለይቶ በዚያ ላይ መቆየት ይበልጣል። ችግኝ ተከላም በተመሳሳይ ትጋት ይጠይቃል። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወጣት ችግኝ ይዞ ወጥቷል። ፕላስቲኩ ሳይገፈፍ የተቀበረ ችግኝ ግን ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ በደንብ የተተከለውም ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውኃ የሚያጠጣው ካጣ ይደርቃል። ደም ለመለገስ ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትም ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ መሆን አለበት፤ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ከለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች በመሆናቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ የደም ባንክ ክምችት ይቀንሳል። በክረምት የሚለገስ ደም ድርብ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

አነጋገርና አቀራረብ የሥራው ግማሽ ነው። አረጋውያን በ«አንቱታ» ይጠራሉ፤ «እማማ»፣ «አባባ» ይባላሉ። በአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ብዙ ስለሆኑ «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ደጅ ያስከፍታል። የሰው ችግር የፎቶግራፍ ማድመቂያ አይደለም። ባለቤቱ ሳይፈቅዱ የአልጋቸውን፣ የዕቃቸውንና የፊታቸውን ምስል ማሰራጨት የተሰጠውን እርዳታ በውርደት መልሶ መቀበል ነው። በቤቱ ውስጥ የታየውና የተሰማው የቤተሰብ ጉዳይም ወደ ጎረቤት መውጣት የለበትም።

የመጨረሻው ሥራ ርክክብ ነው። ቡድኑ ከመበተኑ በፊት የተረፈውን ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ይለቅማል፤ ባዶ እግሩን የሚጫወት ሕፃን እንዳይወጋ። ከዚያ በኋላ ጥሩ ዝናብ በዘነበ ማግስት አንድ ሁለት አባላት ተመልሰው ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ካለ ያያሉ፣ ያስተካክላሉ። ትምህርት ሲከፈት ወጣቱ ወደ ክፍሉ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እማማ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ይከርማሉ። ስለዚህ ለክረምቱ የሚመዘገብ ወጣት አሥር ቤት ጀምሮ ከሚበተን ሁለት ቤት ጨርሶ ያስረክብ።